ሰነመኪውን የጨረሰው ሊቀመንበር

ሃሊሞ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ሰነመኪ የተባለውን ሆድ ጠራጊ ቅጠልና ሌላም ቅጠላ ቅጠል ስትሸጥ ሃያ ዓመት ሆኗታል። የድሬዳዋ ሰው ከሰዓት በኋላ ጫቱን ይዞ ይቀመጣል፤ ሆዱ ሲደርቅበት ደግሞ ወደ እሷ ይመጣል። ትልቁንም ትንሹንም፣ በድሬ ደንብ፣ «አንተ» ነው የምትለው።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ቀበሌው በባህል መድኃኒት ሻጮች ላይ ተነሳ። የጤና ረዳቷ አሰገደች ስብሰባ ላይ ቆማ፣ በአንጀታችን ውስጥ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሉ፣ ደጎቹ ምግብ ይፈጩልናል፣ ይህ ሰነመኪ ግን ሲጠርግ ደጉንም ክፉውንም አብሮ ይጠርጋል ብላ አስረዳች። ሊቀመንበሩ ጓድ ሀብተ ማርያም፣ ሁሉን ነገር በአብዮት ካልመዘነ እንቅልፍ የማይወስደው ሰውዬ፣ ባክቴሪያዎቹ ተደራጅተዋል ወይ ብሎ ጠየቀ። አሰገደች ግራ ገባት። እሱ ግን ቱግ አለ፤ ቀን ከሌት የሚሠራ ጭቁን ሕዝብ በአንዲት ነጋዴ ቅጠል እየተፈናቀለ ነው ብሎ የሃሊሞ የንግድ ፈቃድ ጉዳይ በሚቀጥለው እሑድ እንዲወሰን አደረገ። ሃሊሞ ክው አለች። አራት ልጅ ያሳደገችው በዚያች መደብ ነው፤ ሌላ ምን ታውቃለች?

ቅዳሜ በቀትር፣ ከተማው ሁሉ ከፀሐይ ሸሽቶ በተኛበት ሰዓት፣ የቤቷ በር ተንኳኳ። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ራሱ ሊቀመንበሩ! ባለቤቴ ሆዷ ደርቆባት ነው፣ ስድስት ቀን ሆናት አለ፣ የገዛ ሆዱን በሁለት እጁ ደግፎ። ሃሊሞ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ሰነመኪውን በጋዜጣ ጠቀለለችለት።

«ቆንጠር አድርገህ ብቻ አፍላው» አለችው። «ማታ ጠጥተኸው ጠዋት ነው የሚሠራው። አትቸኩል አቦ።»

እሱም ሚስቱ ናት የታመመችው ማለቱን ረስቶ «እሺ» አለ። ማታ ጠጣ፣ አንድ ሰዓት ጠበቀ፣ ምንም የለም። ይሄ አሻጥር ነው አለና ጥቅሉን እንዳለ ገልብጦ አፈላው። ጨለጠው።

እሑድ ስብሰባው ተጀመረ። ቃለ ጉባዔ ሳይነበብ ማንም እንዳይወጣ፣ «እኔም ብሆን!» ብሎ ያዘዘው ራሱ ስለሆነ፣ ጥበቃው ዲሪር ጠመንጃውን ይዞ በሩ ላይ ተገትሯል። ሊቀመንበሩ ንግግሩን ጀምሮ መሀል ላይ ቀጥ አለ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ሃሊሞ ያን ፊት ታውቀዋለች። ወላሂ፣ ሁሉንም ጠጥቶታል!

የመናገር ተራው የእሷ ሆነ። ሌሊቱን በፍርሃት ስትገላበጥ ያደረችው ሴት ተነስታ፣ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ሰላም አለች። ከዚያ ከአያቷ ጀመረች፤ አያቷ ከጀልዴሳ እንዴት እንደመጣች፣ በስንት ግመል። ከሰነመኪው ማግስት የረጋ የግመል ወተት ታጠጣ የነበረውም የተጠረጉትን ደጎች ለመመለስ መሆኑን ተናገረች፤ አያቷ አላየቻቸውም እንጂ መሄዳቸውን ታውቅ ነበር። አሰገደች ሳታስበው ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። «የአያቴ እናት ደግሞ...» ብላ ሃሊሞ ቀጠለች።

«ተፈቅዷል» አለ ሊቀመንበሩ በቀጭን ድምፅ። «ተቃውሞ የለም። ተዘግቷል።»

ወደ በሩ ሲሮጥ ዲሪር ቃለ ጉባዔው አልተነበበም ብሎ መንገዱን ዘጋበት። ያን ጊዜ ሊቀመንበሩ በመስኮት ዘለለ።

ከሰዓት በኋላ ሃሊሞ የረጋ የግመል ወተት በጣሳ ይዛ ቤቱ ሄደች። ሰውዬው አልጋው ላይ ተዘርሯል፤ ፊቱ ነጭ ሆኗል። ጣሳውን ሊቀበል እጁን ሲዘረጋ እሷ ወረቀት አስቀደመች፤ ማኅተም የሌለው ፈቃድ ነገ ሊካድ ይችላላ! እሱም ማኅተሙን ከትራሱ ሥር አውጥቶ ሁለት ቦታ መታላት። አዘነችለትና ጣሳውን ራሷ ደግፋ አጠጣችው።

«እባክሽ እትዬ ሃሊሞ፣ ለማንም እንዳትነግሪ» አለ ጠጥቶ ሲያበቃ።

«እኔ የማንንም ሆድ አውርቼ አላውቅም» አለችው። «በመስኮት ስትወጣ ግን ቀበሌው በሙሉ አይቶሃል።»