ሬዲዮ ያሏት ነርስ

የክፍሉ ሰዎች «ሬዲዮ» ይሏታል። አፏ አይዘጋማ! ነርስ ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው ራሳቸውን የሳቱ በሽተኞች በሚተኙበት ክፍል ነው። መጀመሪያ ቀን ሳያት ጤንነቷን ተጠራጠርኩ። እናቴ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሶ ዓይኗን ከጨፈነች ሰንብታለች፤ ሴትዮዋ ግን አልጋው ላይ ጎንበስ ብላ፣ «እማማ፣ አሁን በግራ ጎንዎ ላስተኛዎት ነው። አንሶላው ትንሽ ይቀዘቅዛል» ትላታለች።

«ውሃ ወቀጣ!» አለ ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ። ለእሱ እናታችን የለችም፤ የቀረው ገላዋ ነው። ለእኔ ደግሞ አለች፣ ትሰማኛለች። በዚሁ ተጣልተን እሱ ሲገባ እኔ እወጣ ጀመር። በገዛ እናታችን አልጋ ላይ ባዳ ሆንን።

አንድ ከሰዓት በኋላ ተገጣጠምን። አልቻልኩም፤ ነርሷን ክንዷን ያዝኳት።

«ሲስተር፣ በፈጠረሽ አንድ ቃል ንገሪን። አለች ወይስ የለችም?»

«አላውቅም።»

«እንዴት አታውቂም? ስታወሪያት ትውያለሽ አይደል!»

«የማውቀውን ነው የማወራቸው። ይተነፍሳሉ። እጃቸው ይሞቃል። ጀርባቸው እዚህ ጋ ቀልቷል። ‹አሉ› ብል አንቺ ትረቺያለሽ፣ ‹የሉም› ብል እሱ ይረታል፤ እሳቸውን ማን ያገላብጣቸው? ነይ፣ ትከሻቸውን ያዢ። አንተም እግራቸውን።»

ደሜ ፈላ። ግን ያዝኩ። ወንድሜም ያዘ።

«ንገሯቸው እንጂ። የምታደርጉትን ብቻ፣ ሌላ አትጨምሩ።»

«እማዬ፣ አይዞሽ፣ ትድኛለሽ…» ብዬ ስጀምር፣ «እሱን ታውቂያለሽ?» አለችኝ። አፍሬ የእማዬን ትከሻ አጥብቄ ያዝኩ።

ወንድሜ ጎንበስ አለ። «እማዬ… እግርሽን ላነሳ ነው።»

ወይ ጉድ! ያ ሁሉ የተከራከርንበት «አለች» እና «የለችም» የት ገባ? እግሯና እጁ ብቻ ነበሩ። አሁንም ሳስበው አፌን ይዤ እቀራለሁ።

ከዚያ ወዲህ አብረን መግባት ጀመርን። ሴትዮዋን ማን እንዳስተማራት ብጠይቃት፣ «ማንም። ሰው ሳይነግሩት ሲነኩት ይደነግጣላ» አለችኝ። ቤቷ ስትገባ ዝም ጭጭ ነው አሉ፤ ባሏ «ኧረ ለእኔም እንደ በሽተኛ አውሪልኝ» እያለ ይቀልድባታል።

እናቴ አንድ ጠዋት አረፈች። ሐኪሙ አይቶ አረጋግጦ ወጣ፤ ነርሷ ውሃ በሳፋ ይዛ ገባች። በዚያው ድምፅ፣ ቅንጣት ሳትለውጥ፣ «እማማ፣ ፊትዎን ላጥብዎት ነው» አለች።

ወንድሜን በድንጋጤ አየሁት፤ አሁን ይቆጣል ብዬ። እሱ ግን ጣቱን ውሃው ውስጥ ነከረና፣ «ቆዪ ሲስተር፣ ቀዝቅዟል» ብሎ ለእማዬ ሙቅ ውሃ ሊያመጣላት ሳፋውን ይዞ ወጣ።