አንሶላ የለበሱት ሰዎች

ልጄ ሰብለ ትናንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ በስልኳ አንድ ፎቶ አሳየችኝ። ሆስፒታል ውስጥ ቁስለኞች በረድፍ ተኝተዋል። የት እንደሆነ አታውቅም፤ ከሰው ሰው ሲዞር ነው የደረሳት።

«እማ፣ ይሄ ዳር ያለው ማስረሻን አይመስልም?» አለችኝ።

ማስረሻ የበኩር ልጄ ነው። ለቀን ሥራ ብሎ ከደባርቅ ከወጣ ወዲህ መንገዱም ተዘጋ፣ ስልኩም አይሠራም። ይመስላል ልበል፣ አይመስልም ልበል? የትኛው እንደሚሻልም አላወቅሁም። ስልኩን ገፋሁት።

እንዲህ ያለ ፎቶ በልጅነቴም ቤታችን ገብቶ ነበር። ያን ጊዜ የምንኖረው ከዳባት ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። ታላቅ ወንድሜ ደሳለኝ ዘምቶ ወሬው ጠፍቷል። የገብስ አጨዳ ነበር፤ ጠዋት ውርጩ እግር ይቆርጣል፣ ቀን ደግሞ የጭነት መኪና አቧራ ነዶው ላይ ሳይቀር ያርፋል። እናቴ ከገበያ ስትመለስ በነጠላዋ ጫፍ ፎቶ ቋጥራ መጣች። ከአዲ አርቃይ የመጣ ነጋዴ ነው የሰጣት። አንድ ወታደር «ለደሳለኝ እናት ስጥልኝ» ብሎታል፤ ሌላ የሚያውቀው የለም።

ጥቁርና ነጭ፣ መዳፍ የምታህል ፎቶ ናት። ሰዎች እስከ ደረታቸው ነጭ ለብሰው ተጋድመዋል። እኛ አገር ሰው የሚተኛው መደብ ላይ ቁርበት አንጥፎ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ነው። አዲስ ነጭ አቡጀዲ የሚለብሰው ሲገነዝ ብቻ ነው። አንሶላ የሚባል ነገር ማን ያውቃል?

«ልጄን ገነዙት! ከነጓደኞቹ ገነዙት!» ብላ እናቴ ጮኸች።

መንደሩ ማጭዱን ጥሎ መጣ። እኔም አፌ ውስጥ ቆሎ እንደያዝኩ አለቀስኩ። የነፍስ አባታችን መምሬ ይትባረክ እያለከለኩ ደረሱ፤ ፎቶውን ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን አወጡት፤ ዓይናቸውን አጥብበው አዩት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ ሬሳ እኮ ሲጋራ ያጨሳል» አሉ።

ለቅሶው ቀጥ አለ። አንዷ ሳቀች፤ አጠገቧ ያለችው ቆነጠጠቻት።

ከዚያ ደግሞ ክርክሩ መጣ። የትኛው ነው ደሳለኝ?

«የሚያጨሰው ነው፣ አገጩን እዩት» አለች ጎረቤታችን።

«የወንድሜ ልጅ መቼ አጨሰ? አርፈሽ ተቀመጭ!» አለቻት አክስቴ።

እናቴ ሁሉንም አየች። ኋላ ጭንቅላቱ በፋሻ የተጠመጠመው ላይ ጣቷን አኖረች። ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። «ይሄ ነው። የልጄ ዓይን ይጠፋኛል?» አለች። ፊቱ አይታይ፣ ማን ይከራከራት? ከዚያ ጀምራ ጠዋት ጠዋት ትስመው ነበር። ከመሳም ብዛት ፋሻውም ዓይኑም ደበዘዘ።

ጦርነቱ ሲያበቃ ደሳለኝ እያነከሰ መጣ። የተበጠበጠለትን በሶ ሳይጨርስ እናቴ ፎቶውን ከጉያዋ አወጣች። ጭንቅላቱን ዳበሰችው፤ ጠባሳ የለበትም።

«እኔ እኮ እዚህ ውስጥ የለሁም፣ እማ» አላት። «ፎቶ ሲነሡ ቁስሌን ሊያጥቡልኝ ወስደውኝ ነበር። ይቺ ባዶዋ አልጋ የኔ ናት። እንዲህ ያለ አልጋ ላይ ተኝቼ አላውቅም፤ ማረፊያዬን አይተሽ ልብሽ እንዲያርፍ ብዬ ነው የላክሁት።»

እውነትም ከጥጉ ባዶ አልጋ ነበረች። ያ ሁሉ ሰው ሲከራከር ማንም አላያትም።

«ይሄስ የማን ልጅ ነው?» አለች እናቴ፣ የሳመችውን እያሳየች።

«ብዙም አልቆየም» አለ ደሳለኝ፤ ወደ በሶው ዞረ።

በማግስቱም ፎቶውን አንሥታ ስትስም አየኋት። ልጇ ቤት ተኝቶ ማንን እንደምትስም ያኔ አልገባኝም ነበር።

ዛሬ ጠዋት ሰብለን ስልኩን አምጭ አልኳት። ዳር ያለውን አየሁት፤ ጆሮው የማስረሻ ነው፣ አፉ አይደለም፤ ደግሞ መልሼ ሳየው ጆሮውም አይደለም። ትቼው የአልጋዎቹን ረድፍ በጣቴ ተከተልሁ።

«ምን ትፈልጊያለሽ እማ?»

ከመስኮቱ ሥር አንሶላው የተገፈፈ ባዶ አልጋ አለ። ባለቤቱ ድኖ ወጥቶ ይሁን ሞቶ፣ አልጋ አይናገር። እኔ ግን ቁስሉን ሊያጥቡለት ወስደውት ነው ብዬ ስልኩን ሳምሁት።