የናቻ ጉዝጓዝ

ኢግናሲያ ቫለንሱዌላን በሙሉ ስሟ የሚጠራት ቄሱ ብቻ ነበር፤ ለሌላው ሁሉ ናቻ ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት በሰው እርሻ ወይን ስትለቅም ኖራ፣ ጉልበቷ ሲዝል ወደ መንደሯ ወደ ላስ ፓሎማስ ተመለሰችና በጓሮዋ ያለውን ጠፍ መሬት ዱባና ሚጥሚጣ ልዝራበት አለች። ሰው ሳቀ። በሶኖራ በረሃ፣ በሰኔ ሐሩር፣ እንኳን ዱባ እንሽላሊትም ጥላ ፍለጋ ይሮጣል።

ከሁሉም አብዝቶ የሳቀው የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ፊደንሲዮ ነበር። ቤታቸው አጥር ለአጥር ነው። የእሱ አትክልት ቦታ የመንደሩ ጌጥ ነበር፤ ከደረቁ ወንዝ ለቅሞ ያመጣው ነጭ ጠጠር በመደቡም በመተላለፊያውም ተነጥፎ ዓይን ይወጋል። ናቻም መጀመሪያ የቀናችው በዚያ ጠጠር ነው። እሷም አምጥታ አነጠፈች። ሰኔ ሲገባ ግን የቀትር ፀሐይ ጠጠሩን ፍም አደረገው፤ የዱባው ቅጠል ከላይም ከሥርም ተጠበሰ። ፊደንሲዮ ጠዋት ማታ ውሃ ስለሚለቅ የእሱ ተረፈ፤ የሷ ሞተ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠጠሩን አንድ በአንድ በእጇ ለቅማ አወጣችው።

በሁለተኛው ዓመት የስንዴ ጭድ ጎዘጎዘች። ጭዱ ውስጥ የቀረው ፍሬ በቀለና መደቡ የስንዴ ማሳ ሆኖ ቁጭ አለ። ፊደንሲዮ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣

“ናቻ! ዳቦውን መቼ ነው የምትጋግሪልን?” አላት።

“አንተ ማጭድህን ይዘህ ስትመጣ!” አለችው። ቤት ገብታ ግን አለቀሰች።

በሦስተኛው ዓመት ከአናጢው ቤት የእንጨት ፍቅፋቂ አመጣች፤ እሱ ደግሞ ምስጥ ጠራባት። ያኔ ሁሉን ትታ ልትቀመጥ ወስና፣ አንድ ቀን ከመንደሩ ውጭ ካለ ትልቅ የሜስኪት ዛፍ ሥር አረፈች። ሳታስበው የረገፈውን ቅጠል በጣቷ ገለጥ አደረገች። አፈሩ ቀዝቃዛ ነበር። ጠልቃ ስትቆፍር እርጥብ ሆነባት። ዝናብ ከጣለ ሦስት ወር አልፎታል።

“ይሄ ዛፍ ማን ውሃ አጠጣው?” አለች ለራሷ፤ ብድግ ብላም ጆንያ ፍለጋ ሄደች።

ከዚያ በኋላ እጇ አላረፈም። ለመደቡ የሜስኪት ቅጠል ሰበሰበች። ጭዱንም አልጣለችውም፤ መጀመሪያ አርጥባ ፍሬው እንዲበቅል ተወችው፤ ከዚያ በፀሐይ አድርቃ ገደለችውና ከቅጠሉ ጋር ቀላቀለችው። መደቡን አራት ጣት ውፍረት አድርጋ አለበሰችው፤ የተክሉ ግንድ እንዳይበሰብስ ዙሪያውን ክፍት ተወች። ለመተላለፊያው ፔካን የሚባለውን ለውዝ የሚፈለፍሉበት ቤት የሚጥለውን ቅርፊት በእጅ ጋሪ አመላለሰች። ቅርፊቱ እንደ ጠጠር አይፋጅ፣ ነፋስ አያነሳው፣ ውሃ ሲነካውም ጭቃ አይሆን።

“ቆሻሻ መጣያ ከፈትሽ እንዴ?” አለ ፊደንሲዮ።

“ከፍቻለሁ። አንተን የምጥልበት ቦታ እያሰናዳሁ ነው።”

በዚያ ዓመት ሰኔ በገባ በሦስተኛው ቀን የመንደሩ ጉድጓድ ሞተር ተቃጠለ። የሚጠጣ ውሃ በቦቴ ይመጣል፤ ለአትክልት ግን አንድ ባልዲ የለም። በአምስተኛው ቀን የፊደንሲዮ ቃሪያ ከነጭ ጠጠሩ መሃል ደርቆ ቆመ። በዘጠነኛው ቀን መንደሩ ውስጥ አረንጓዴ ነገር ጠፋ። ናቻ በየማለዳው ከጉዝጓዙ ሥር እጇን ትከታለች፤ አፈሩ እንደረጠበ ነው። የዕቃ እጣቢዋን ብቻ ተራ በተራ ታጠጣለች። የዱባው ቅጠል ቀትር ላይ ይጠወልጋል፤ ማታ ቀና ይላል።

በዚያው በሰኔ የሚውለው የቅዱስ ዮሐንስ በዓል ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው፣ የበዓሉን ድስት በየዓመቱ የሚያሰናዱት አሮጊቷ ዶኛ ሬሜዲዮስ በሯ ላይ ቆሙ።

“ናቻ ልጄ፣ ዘንድሮ ድስቱ ባዶውን ሊጣድ ነው። የማንም ዱባ አልተረፈም።”

“የማንም አይበሉ እንጂ እማማ። ይግቡና ይዩ።”

አሮጊቷ በመተላለፊያው ላይ በቀጭን ነጠላ ጫማቸው ጥቂት ተራመዱና ቆም አሉ። “አያቃጥልም እኮ!” ቀጥለው የዱባውን ቅጠል ገለጥ ሲያደርጉ፣ ከሥሩ አረንጓዴ ዱባዎች ተደርድረው ታዩአቸው። አማተቡ።

በበዓሉ ዕለት መንደሩ ሁሉ ዱባ በበቆሎና በአይብ በላ፤ አርባ ሦስት ዱባ፣ ሁሉም ከናቻ ጓሮ ነበር። ዶኛ ሬሜዲዮስ ጭልፋቸውን ከፍ አድርገው፣ “የዘንድሮው ድስት የናቻ ነው!” ሲሉ ጭብጨባው ቀለጠ። ናቻ በሠላሳ አንድ ዓመት የወይን ለቀማ አንድም ሰው አጨብጭቦላት አያውቅም። እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት፤ ቀሚሷን አስተካከለች፤ ከዚያ ግን አንገቷን ሳትደፋ ሁሉንም ፊት ለፊት አየቻቸው። ፊደንሲዮ ሦስተኛ ሳህኑን ይዞ ነበር።

“ቆሻሻው ጣፈጠህ?” አለችው።

“ዝም ብለሽ ጨምሪልኝ” አለ፤ ሰው በሳቅ ፈረሰ።

በማግስቱ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መጣ። “ጠጠሩን ላነሳው ነው። ታግዢኛለሽ?”

“ጠጠርህን ራስህ ልቀም፤ እኔም ብቻዬን ነው የለቀምኩት። ቅርፊቱን ግን አብረን እናመጣለን።”

እስከ ታኅሣሥ ብርድ አሥራ አንድ ጓሮ ቅጠልና ቅርፊት ለበሰ። ናቻ በመንገድ ስታልፍ በየአጥሩ ይጠሯታል። ጉልበቷ እያመማት ትንበረከካለች፤ ጣቶቿን ከጉዝጓዙ ውስጥ ሰክታ ትለካለች፤ ባለቤቱ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል።

“አንድ ጣት ይጎድለዋል” ትላለች፤ ልብሷን አራግፋም ወደሚቀጥለው ቤት ትሄዳለች።