ላስነሳት ነው

የባለቤቴ አባት ሲያርፉ፣ ጉለሌ ግቢያችን ውስጥ የቆመችውን ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ የድሮ ስፖርት መኪናቸውን ባለቤቴ ወረሰ። እኔ ቤንዚን እፈራለሁ። አባባ ካርቡሬተሯን ፈተው ባጠቡ ቁጥር፣ ሞተሩን ከማስነሳታቸው በፊት የኩሽናዬን በር ያንኳኩ ነበር።

«ልጄ፣ ላስነሳት ነው። እሳቱን አጥፊና ልጆቹን ያዢ።»

ባለቤቴ ይስቅብኝ ነበር። «አባባ፣ እርስዎ ነዎት ያባሱባት። መኪናዋ እኮ ቦምብ መሰለቻት!»

«ዝም በል! እሷ ባትፈራ ይሄኔ ጭሳችን ሸጎሌ ድረስ ይታይ ነበር» ይሉት ነበር።

ከአርባቸው በኋላ መኪናዋ አልነሳ ብላ ባለቤቴ ካርቡሬተሯን ፈታ። ዕቃዎቹን በአባባ ትሪ ላይ ደርድሮ አጠበ፤ ውስጧ የደረቁትን የጎማ ማሸጊያዎች ቀይሮ መልሶ ገጠመ። እኔ ከለቅሶው ወዲህ ደህና እንቅልፍ የለኝም፤ ቁጭ ባልኩበት ድካም ይጥለኛል። ቢሆንም መገጣጠሙን እንደጨረሰ ሳይ ተነስቼ እሳቱን አጠፋሁ፤ ትንሿን ልጄን ይዤ ኩሽና ውስጥ ቆምኩ።

ሞተሩ ተነሳ። ድምፁ ያው የድሮው ነው።

«ተነሳች! ተነሳች እኮ!» ይላል ባለቤቴ ከውጭ።

እኔ ግን የልጄን እጅ እንደያዝኩ፣ በሩ እስኪንኳኳ ቆሜ ቀረሁ።