ዘንዶዋና ያልተሟሸው ማሰሮ

ችግሩ ሲጠቃለል ይህ ነበር፤ ሳጥኑ ሲሞቅ ይደርቃል፣ ሲርስ ደግሞ ይቀዘቅዛል። ገብረየስ የፈለገው ሙቀትና እርጥበት በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ሳጥን ውስጥ አብረው እንዲያድሩለት ነበር።

ዘመኑ 1979 ዓ.ም.፣ ወሩ ጥር ነው። ገብረየስ አዋሳ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነበር። ዕድሜው አምሳ ሁለት ሲሆን ሥራው በአመዛኙ ከሞቱ ነገሮች ጋር ነበር። እንቁራሪቱ፣ እስስቱ፣ የሌሊት ወፉ፣ የሐይቁ ዓሣ ሁሉ ፎርማሊን በተሞላ ጠርሙስ ውስጥ ገብተው በመደርደሪያው ላይ ተሰልፈዋል፤ የእያንዳንዱን ስም በወረቀት ጽፎ የለጠፈው እሱ ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ከእሱ ሌላ የምትተነፍስ አንዲት ፍጥረት ብቻ ነበረች፤ ርዝመቷ ከአንድ ሜትር ተኩል ብዙም የማያልፍ ወጣት ዘንዶ።

ያመጣት እሱ አይደለም። ሚስተር ቶማስ የሚባሉ ሕንዳዊ የባዮሎጂ መምህር ከብላቴ ወንዝ አካባቢ የመጡ ገበሬዎች ሊገድሏት ሲሉ ለምነው ተቀበሏት። ባለፈው ሰኔ ውላቸው አልቆ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ፊቱ መስታወት የሆነውን የእንጨት ሳጥን ለገብረየስ አስረከቡት። የራሳቸው የሆነ አንድ ቴርሞሜትርም በስጦታ ሰጡት። ምክራቸው አጭር ነበረች፤ «ሁለት ዳር ይኑራት፤ የሚሞቅ ዳርና የሚቀዘቅዝ ዳር። የቀረውን እሷ ታውቃለች።»

ይህች ምክር ቀላል ትምሰል እንጂ ብዙ ነገር ይዛለች። እኛ ሰዎች ምድጃችን በሆዳችን ውስጥ ነው፤ የበላነው እህል ያሞቀናል። ዘንዶ ግን ሙቀቷን የምታገኘው ከውጭ ነው። ሲበርዳት ወደ ፀሐይ፣ ሲሞቃት ወደ ጥላ ትሄዳለች። በሳጥን ከተዘጋባት መሄጃ የላትምና ፀሐዩንም ጥላውንም አስገብቶ የሚሰጣት ሰው ያስፈልጋታል። ስለዚህ ገብረየስ በሳጥኑ ቀኝ ጫፍ በሽቦ ወንፊት የተከለለ ባለ ስድሳ ሻማ አምፖል ሰቀለ፤ ግራውን ጫፍ ባዶ ተወው። በቀኝ ሠላሳ፣ በግራ ሃያ አምስት ዲግሪ ሆነ። ዘንዶዋ ጠዋት በቀኝ፣ ከሰዓት በግራ ስትጠቀለል ሲያይ ልቡ በደስታ ይዘል ነበር። ምክሩ እውነት ነው፤ እሷ ታውቃለች!

ስም አላወጣላትም። ብቻውን ሲሆን ግን «እሜቴ» ይላታል። «እሜቴ፣ እንዴት አደርሽ? ዛሬ የትኛው ዳር ተመረጠ?»

ብቻውን የማይሆንበት ጊዜ ጥቂት ነበር። ከመርሐቤቴ በሥራ ምደባ አዋሳ የመጣው ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት ከሚስቱ ከአስካለ ጋር ሲሆን፣ በሁለተኛው ዓመት ወባ አስካለን ወሰደችበት። ልጅ አልነበራቸውም። ዘንዶዋን ከተረከበ ወዲህ ደግሞ መምህራኑ እንደ ቀድሞው በእጅ አይጨብጡትም፤ ከሩቅ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ያልፋሉ። የሚቀልዱበት ተማሪዎቹ ብቻ ነበሩ።

«ጋሽ ገብሬ፣ ጓድ ዘንዶ በቀበሌ ተመዝግባለች?»

«ሄዳ ነበር። ፎቶ ስትነሳ አትረጋም ብለው መለሷት።»

ተማሪዎቹ ስቀው ያልፋሉ። እሱም ሳቁ ከግቢው እስኪጠፋ ድረስ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል።

ክረምቱ በደህና አለፈ። ጥር ሲገባ ግን፣ በደረቁ ወቅት፣ ዘንዶዋ እንደገና ቆዳዋን የምትቀይርበት ጊዜ ደረሰ። ዘንዶ ስታድግ ቆዳዋ አብሯት አያድግም፤ ከሥር አዲስ አዘጋጅታ አሮጌውን እንደ ካልሲ ገልብጣ ታወልቀዋለች። ከሁሉ የሚያስደንቀው ዓይኗ ነው። ዘንዶ የምትከድነው ቆብ የላትም፤ በምትኩ ዓይኗን እንደ መስታወት የምትሸፍን ስስ ቆዳ አለቻት። ይህችም ከሌላው ጋር አብራ መውለቅ አለባት። ይህ ሁሉ እንዲሆን አየሩ እርጥብ መሆን ይኖርበታል። ከደረቀ ቆዳው ይቀደዳል፣ ይጣበቃል።

ተጣበቀ። የሆዷ ቆዳ እንደ አሮጌ ቀለም ተፈረፈረ። የጅራቷን ጫፍ የደረቀ ቀለበት ጠፍሮ ያዘው። በሁለቱም ዓይኖቿ ላይ አሮጌው ሽፋን ቀረ፤ ዓይኗ የተጨናበሰ፣ አመድማ ሆነ። ያኔ አይጥ ሲያቀርብላት አላየችውም፤ መብላትም ተወች።

ዳይሬክተሩ አቶ ተፈራ ይህን ያዩት በክፉ ሰዓት ነበር። በየካቲት መጨረሻ ከክፍለ ሀገሩ እንግዶች ትምህርት ቤቱን ሊጎበኙ ይመጣሉ።

«አቶ ገብረየስ፣ ይቺ ታውራለች፤» አሉ ከበሩ ሳያልፉ።

«ትድናለች፣ ጓድ ዳይሬክተር። የሚቀጥለውን ቆዳ በደህና ከጣለች የዓይኗም ሽፋን አብሮ ይወርዳል።»

«የሚቀጥለው መቼ ነው?»

«አምስት ሳምንት ቢሆን ነው።»

አቶ ተፈራ በጣታቸው ቆጠሩ። «እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት ካልዳነች ጠርሙስ ያዘጋጁላት። ፎርማሊን አለ አይደል?»

ፎርማሊን ነበረ። ጠርሙሱም ነበረ። ሌሎቹን ሁሉ ጠርሙስ ውስጥ ያስገባው የገብረየስ እጅ ስለሆነ ይህንንም የሚያደርገው ሌላ ሰው አልነበረም።

እንግዲህ አምስት ሳምንት ነው ያለው። መጀመሪያ ማወቅ የፈለገው ሳጥኑ ምን ያህል እንደ ደረቀ ነበር። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሁለት ቴርሞሜትር ውሰድ፤ አንዱን እንዳለ ተወው፣ የሁለተኛውን ጫፍ በራሰ ሻሽ ጠቅልለው። አየሩ ደረቅ ከሆነ ከሻሹ ውሃ ይጠጣል፤ ውሃው ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ስለዚህ የራሰው ቴርሞሜትር ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በሰፋ መጠን ድርቀቱ ብሷል ማለት ነው። ገብረየስ የሚስተር ቶማስን ቴርሞሜትርና አንድ የትምህርት ቤቱን ሰቀለ። አንደኛው ሠላሳ፣ የራሰው ዐሥራ ስምንት! የዐሥራ ሁለት ዲግሪ ልዩነት! ሐይቁ ከዚያ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለው አየር ግን አፋር ነው። ያደረቀው ያ የሚያሞቃት አምፖል ነበር።

ቀጥሎ ከሳጥኑ ወለል ላይ ሰጋቱራ አነጠፈና ውሃ አርከፈከፈበት። ልዩነቱ ወደ አራት ዲግሪ ጠበበ፤ ገብረየስ በደስታ አጨበጨበ። በሦስተኛው ቀን ግን ሰጋቱራው ሻገተ፣ የግራው ዳር ሃያ ዲግሪ ሆነ፣ ዘንዶዋም ስትተነፍስ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ታወጣ ጀመር። ሰጋቱራውን ጠርጎ አወጣው። ሁሉን ነገር ማርጠብ ስህተት መሆኑ ገባው፤ የሚያስፈልገው አንድ እርጥብ ጎሬ ነው፤ ስትፈልግ የምትገባበት፣ ስትፈልግ የምትወጣበት።

ከገበያ አዲስ ሰፊ ማሰሮ ገዛ። አንድ ጎኑን ቀስ ብሎ በስቶ በር አወጣለት፤ ውስጡ የራሰ ጨርቅ አድርጎ ከአምፖሉ ሥር አስቀመጠው። በማግሥቱ ሲለካ ጎሬው እርጥብ ነው፤ ሙቀቱ ግን ከሠላሳ ወደ ሃያ ሦስት ወርዷል። አምፖሉን ወደ ማሰሮው አስጠጋው፤ ሃያ አራት። ጨርቁን በሞቀ ውሃ ነክሮ መለሰው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና ሃያ ሦስት። ዘንዶዋ አንዴ ጭንቅላቷን አስገብታ አወጣችና ተመልሳ አልሄደችበትም።

በዚህ ዓይነት ሁለት ሳምንት አለቀ።

የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ ገበያነሽ ከቱላ የምትመላለስ የሲዳማ ሴት ናት። የቤተ ሙከራውን ወለል የምትወለውለው ከደጃፉ ሆና፣ እንጨቱን በረጅሙ ዘርግታ ነበር። ከደፍ አልፋ አታውቅም።

«ጋሼ ገብረየስ፣» አለች በዚያን ቀን፣ «ሔዋንን ያሳታት ይሄ ነው። እርስዎ ደግሞ ብርድ እንዳይነካው ያሞቁታል!»

«ያቺ ሌላ ናት። ይቺ ከብላቴ ናት።»

«ጌታ ኢየሱስ ይገሥጸው። እና ዛሬ ምን ሆኑ? ፊትዎ እንደ ሰው ፊት አይደለም።»

ነገራት። ሌላ የሚነግረው አልነበረምና ቁጥሮቹን ሁሉ ሳይቀር፣ ሠላሳውን፣ ሃያ ሦስቱን፣ ሦስት ሳምንት መቅረቱን፣ ጠርሙሱን ነገራት። ገበያነሽ በመወልወያው እንጨት ላይ ተደግፋ አዳመጠች፤ ከዚያ አንገቷን አስግጋ ማሰሮውን አየች።

«እሱ ማሰሮ አላበው።»

«አዎ፣ ከውጭ ይረጥባል።»

«ሳያሟሹት ነው እንዴ ያስገቡት?»

ገብረየስ ወደ ማሰሮው ዞረ።

«ጋሼ! ያልተሟሸ ማሰሮ ያልባል። ያላበ ደግሞ ይቀዘቅዛል። የመጠጥ ውሃ ለምን በእንስራ ይቀመጣል? እንዲቀዘቅዝ አይደለም? ሳያሟሹ ወጥ የሚሠራ ማን አለ?» ሳቋ መጣ። «ለካ ወንድ ነዎት።»

አስካለ ታሟሽ ነበር። ገብረየስ ግን ጭሱን ሽሽት ወደ ደጅ ይወጣ ነበር እንጂ ምን እንደምታደርግ፣ ለምን እንደምታደርግ ጠይቋት አያውቅም። ከሞተች ወዲህ የሚያበስለው በብረት ድስት ነው።

ነገሩን ልብ ብላችሁ እዩት። የሸክላው ቀዳዳዎች ውሃ ያሾልካሉ፤ ውሃው ከውጭ ይተናል፤ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በየቀኑ በሻሽ የሚጠቀልለው ቴርሞሜትር የሚነግረው ይህንኑ ነበር! ማሰሮው ራሱ ሻሽ የተጠቀለለ ትልቅ ቴርሞሜትር ሆኖ ሳለ ገብረየስ ቁጥሩን አነበበ እንጂ ምክንያቱን አላነበበም።

በዚያው ከሰዓት ከቤተ ሙከራው ጀርባ ከሰል አያይዞ ማሰሮውን አጋለ። ገበያነሽ ርቃ ቆማ ታዘዋለች። «አሁን የተወቀጠውን ጎመን ዘር ይቀቡት። ውስጡንም። ገና ነው፤ ይጠጣል፤ ይድገሙት።» ማሰሮው ጠቆረ፣ አብለጨለጨ። በማግሥቱ ደግሞ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ የእንሰት ቃጫ ከቱላ ይዛ መጥታ ደፉ ላይ አስቀመጠችለት። «ጨርቅ ይሸታል። ይሄ ውሃ ይይዛል፤ ቶሎም አይበሰብስም። ለእሱ ብዬ እንዳይመስልዎት፣ ለእርስዎ ነው።»

ቃጫውን አርሶ ጨምቆ በተሟሸው ማሰሮ ውስጥ አኖረው። ሃያ ዘጠኝ ዲግሪ፤ የራሰው ሃያ ስድስት። የሦስት ዲግሪ ልዩነት፣ ሙቀቱም አልወረደም! ይህን ቁጥር በደብተሩ ላይ ሁለት ጊዜ አሰመረበት። የሚያሳየው ሰው ፈልጎ ቀና አለ፤ ክፍሉ ውስጥ የነበሩት የጠርሙሶቹ እንቁራሪቶች ብቻ ናቸው።

በሦስተኛው ቀን ዘንዶዋ ማሰሮው ውስጥ ገብታ ተጠቀለለች። ከሳምንት በኋላ መላ ሰውነቷ ደበዘዘ፣ ከዚያ ጠራ። በየካቲት አጋማሽ አንድ ጠዋት ገብረየስ ሲመጣ ከማሰሮው በር ላይ ረጅም ነጭ ነገር ተንጠልጥሎ አየ። ሳይቀደድ የወጣ ሙሉ ቆዳ ነበር። በጥንቃቄ አንስቶ በመስኮቱ ብርሃን ተመለከተው። የጭንቅላቱ ቦታ ላይ ሁለት ትናንሽ ክብ መስታወቶች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ድርብ ናቸው፤ አሮጌውና አዲሱ አብረው ወርደዋል። ጅራቷም ተፈትቷል። በዚያው ሳምንት አይጥ በላች።

አቶ ተፈራ መጥተው በመስታወቱ አዩ። ዓይኗ እንደ ጥቁር ዶቃ ያበራል።

«ጥሩ ሠርተዋል፤» አሉ። «ግን የእንግዶቹ አስተባባሪ ዝርዝሩን አይቶ ሕይወት ያለው አውሬ አይኑር ብሏል። እንግዲህ ወይ በጠርሙስ፣ ወይ ከግቢ ውጭ።»

«ከግቢ ውጭ ማለት...?»

«ወዴት እንደሚወስዷት አልጠይቅዎትም፣ አቶ ገብረየስ። ሳጥኑን ይውሰዱት፤ አሮጌ ነው። የትምህርት ቤቱ ቴርሞሜትር ግን ይቀመጥ።»

ወደ ብላቴ ወስዶ ሊለቃት አሰበ። ነገር ግን ሰው ስታይ የማትሸሽ፣ ከእጅ መብላት የለመደች ዘንዶ ናት፤ መጀመሪያ ያገኛት ገበሬ ይገድላታል። ባህል አዳራሽ ሰፈር ወዳለችው የኪራይ ክፍሉ ወሰዳት። አከራዩ ሳጥኑን አይተው አማተቡ፤ ቢሆንም ገብረየስ ለዐሥራ አራት ዓመት ድምፁ ተሰምቶ የማያውቅ ተከራይ ነውና በሩን ዘግቶ እስከያዘ ድረስ አያስወጡኝም ብሎ ያምናል። ገበያነሽ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ቃጫ ታመጣለታለች፤ ደጁ ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች።

አሁን መጋቢት ነው፤ ችግሩም አዲስ ነው። በአከራዩ ሕግ ለአንድ ክፍል አንድ አምፖል ብቻ ይፈቀዳል። ገብረየስ ከጣሪያው ላይ አውልቆ ሳጥኑ ውስጥ አስገብቶታል፤ እሱ በመስታወቱ ሾልኮ በሚመጣው ብርሃን ይበላል፣ ደብተሩን ይጽፋል። የቀረው አንድ ቴርሞሜትር ነውና መጀመሪያ ደረቁን ይለካል፣ ከዚያ ሻሽ ጠቅልሎ እርጥቡን ይለካል። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ በስንጥቁ ነፋስ ይገባል፤ ማታ የሚሞቀው ዳር ወደ ሃያ አራት ይወርዳል። ስለዚህ ሳጥኑን ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አስጠግቶ አልጋውን ወደ በሩ፣ ወደ ቀዝቃዛው ዳር አዛውሯል። ዛሬ ከሥራ እንደ ተመለሰ ጭድና ጭቃ አቡክቶ ከሳጥኑ በላይ ያለውን ስንጥቅ መድፈን ጀምሯል። አንድ ክንድ ያህል ደፍኖ እጁን ይታጠባል፣ ቴርሞሜትሩን ያነባል፣ ይጽፋል፤ ሃያ አምስት። ተመልሶ ጭቃውን ያነሳል። ለዛሬ የሚፈልገው ሃያ ስምንት ነው።