በሐጂ ሰዒድ ጓዳ የዘራሁት ቲማቲም

ባለፈው እሑድ ምሳ ልንበላ ስንል የልጄ ሚስት ስልክ እንደ አውራ ዶሮ ጮኸ። ሐያት ሽንኩርት የነካ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አየችውና «እንጆሪዬ ደረሰ!» አለች። ልጄ ሳቀባት። እኔ ግን «ቶሎ ልቀሚው፤ ካደረ ይደርቅብሻል» አልኳት። ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ስልክ ሲጮህ ከማንሳት ሌላ የማያውቅ ሽማግሌ ይሄን ከየት አመጣው ብለው ነው። ለእነሱ አልነገርኳቸውም። ለእናንተ ልንገራችሁ።

ያኔ ከድንበር ማዶ፣ ገዳሪፍ ነበርኩ። ሃምሳ ዓመቴ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ልጅ ነበርኩ። ለብዙ ዓመት ሀዋታ በሚባል ገጠር በሼህ ጣሃ የሰሊጥ እርሻ ላይ ወኪል ሆኜ ሠርቻለሁ። ወኪል ማለት ሠራተኛውን የሚያሰማራ፣ ሰሊጡ መቼ እንደሚታጨድ የሚቆርጥ ሰው ነው። ሰሊጥ ቀልድ አያውቅም። ጥቂት ቀን ካሳለፉት ፍሬው ተከፍቶ መሬት ላይ ይረግፋል፤ ከዚያ ወዲያ የጉንዳን ነው።

በዚያ ዓመት ኸሪፉ ገብቶ፣ ክረምቱን ማለቴ ነው፣ ዝናቡ እንደጀመረ ከትራክተር ላይ ወድቄ እግሬ ተሰበረ። ከተማ አምጥተው ጣሉኝ። ጥቁሩ አፈር ዝናብ ሲነካው ሽታው ገበያው ድረስ ይመጣል፤ እኔ ክራንቼን አስደግፌ ሐጂ ሰዒድ ሱቅ በር ላይ ሻይ እጠጣለሁ። ሼህ ጣሃ ለአጨዳው ሌላ ወኪል እየፈለገ ነው የሚል ወሬም ደረሰኝ። «አንካሳ ምን ያደርግልኛል» ብሏል አሉ። ይሄ ከእግሬ የባሰ አመመኝ።

ሐጂ ሰዒድ የወሎ ሰው ነው፤ ቅመምና ሳሙና ይሸጣል። ከሱቁ ኋላ መስኮት በሌላት ጓዳ ሦስት ኮምፒውተር አስቀምጦ በሰዓት ያከራይ ነበር። ሥራው የልጁ የነጃት ነው፤ ሠላሳ ዓመት የሞላት፣ ምላሷ የሚቆርጥ ሴት ናት። ሐጂ ራሱ፣ በሕይወቱ አንድ ጎመን ያልተከለ ሰው፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ በጨዋታ አትክልት ያለማል። ያን ሰሞን ሰዉ ሁሉ እዚያ ውስጥ ያለማ ነበር።

«ሞላ፣ ከምታማርር ናና እዚህ እረስ» አለኝ አንድ ቀን።

«ለፌዝ ጊዜ የለኝም።»

«ጊዜማ ሞልቶሃል፤ የሌለህ እግር ነው።»

እልህ ያዘኝና ገባሁ።

ነጃት አጀማመሩን አሳየችኝ። መጀመሪያ ገበሬ ይምረጡ አለችኝ። ከቀረቡት ውስጥ ጢም ያለው የለም። ቁምጣ የለበሰውን መረጥኩ፤ የጎንደር ሰው መሰለኝ። ከዚያ ስድስት መደብ መሬት ተሰጠኝ፤ ሽማግሌ የለ፣ ድንበር የለ፣ እንዲሁ። ማውሱን እንደ ዶማ ከፍ አድርጌ ሳሳርፈው ነጃት እጄን ቀብ አደረገች።

«አያ ሞላ፣ አይቆፈርበትም! በቀስታ ይግፉት ብቻ።»

«ሰሊጥ አለ?»

«የለም።»

«ማሽላስ?»

«እንጆሪ፣ ካሮት፣ ቲማቲም።»

«ቲማቲም ይሁን። ዝናቡስ የታለ?»

«እዚች ላይ ሲጫኑ ውሃ ይጠጣል።»

«አረሙን መቼ ነው የማርመው?»

«አረም አያበቅልም።»

አረም የማያበቅል መሬት! ደሜ ፈላ። ቢሆንም ስድስቱንም ዘራሁ፣ አጠጣሁ፣ ክራንቼን አንስቼ ተነሣሁ።

«የት ይሄዳሉ? ስምንት ሰዓት ብቻ ነው የሚፈጅበት» አለችኝ።

ሳቅሁባት። ቲማቲም ዘርቼ አውቃለሁ፤ ሦስት ወር ሳይሞላው አይቀመስም። የሱቅ ልጅ ምን ታውቃለች አልኩና ለኩትኳቶ እመጣለሁ ብዬ ወጣሁ። በሃያ ቀኔ ተመለስኩ።

ስድስቱም መደብ አመድ መስሎ ጠበቀኝ። ሐጂ ገበያውን ጠራ። ፉል ሻጩ መጣ፤ ልብስ ሰፊው መርፌውን እንደያዘ መጣ። «የሰሊጡ ወኪል ቲማቲም አደረቀ!» እያለ ሐጂ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ለእኔ የታየኝ የሼህ ጣሃ ፊት ብቻ ነው። ይሄን ከሰማ ማን ሰሊጥ ያምነኛል?

በማግስቱ ሱቁ ሳይከፈት በሩ ላይ ቆምኩ። ኪሴ ውስጥ ዳቦና ቴምር አለ። እንደገና ዘራሁ። ስምንት ሰዓት ካሉ ስምንት ሰዓት ነው። ማሽላ ከወፍ ሊጠብቅ ማማ ላይ የዋለ ሰው ወንበር ላይ መዋል አያቅተውም። ነጃት «ሄደው ይመለሱ፣ አይሸሽም» ብትል አልሰማኋትም። ወደ ማምሻው ቲማቲሙ ቀላ። ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው መብራት ጠፋ።

ማራገቢያው ቆመ። የገዳሪፍን ሙቀት ያየ ያውቀዋል። አባትና ልጅ ተያይዘው ወጡ። እኔ ክራንቼን ጉልበቴ ላይ አጋድሜ ጨለማው ውስጥ ቀረሁ።

በሩ ላይ ነጭ ጀለቢያ ብቅ አለ። ሼህ ጣሃ ነው፤ ወሬውን ሰምቶ ሊስቅብኝ የመጣ።

«ሞላ፣ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ቲማቲም እጠብቃለሁ።»

«መብራቱ ጠፍቷል እኮ።»

«መብራቱ ይጥፋ፤ ቲማቲሙ አልተለቀመም።»

ሐጂ ከኋላው በሳቅ ፈነዳ። ሼሁ አልሳቀም። «የፊተኛውንስ ማን አደረቀው?» አለ።

ሐጂ ሳቁን ውጦ «እሱም መብራት ነው፣ መብራት» አለ። ሊያድነኝ ነው፤ ያን ቀን ወደድኩት።

«አይደለም። እኔ ነኝ» አልኩ። «ልጅቱ ስምንት ሰዓት ብላኝ ነበር። አልሰማኋትም።»

ሼህ ጣሃ ጢሙን አሸት አደረገ። «ወላሂ፣ ዛሬ ሦስት ወኪል አነጋገርኩ። አምና የያዝከው ሰሊጥ ለምን ረገፈ ስላቸው አንዱ ነፋስ አለኝ፣ አንዱ ሠራተኛው አለኝ፣ አንዱ አንበጣ አለኝ። እኔ ነኝ ያለኝ የለም።» ከዚያ ወደ እግሬ አየ። «እሱስ?»

«እንደምታየው ነው።»

«ኸላስ፣ በቃ። አህያ እሰጥሃለሁ።»

በማግስቱ በሎሪ ሀዋታ ወረድኩ። ያን ዓመት አጨዳውን በአህያ ላይ ሆኜ አዞርኩት፤ ሠራተኛው ሳቀብኝ፣ ሰሊጡ ግን አልረገፈም። ነጃት ቲማቲሙን ለቅሜልዎታለሁ ብላኛለች። ያላየሁትን አልመሰክርም።

በእኔ ዕድሜ ያሉ ሰዎች ስለ ትዕግሥት መናገር ይወዳሉ። እኔ ትዕግሥት የለኝም፤ ግትር ነኝ። ሃያ ቀን ያስቀረኝም ስምንት ሰዓት ያስቀመጠኝም እሱው ነው። ልዩነቱ ምን እንደሆነ እስካሁን በደንብ አልገባኝም።

እሑድ ለታ ሐያት ወጥ ልታወጣ ስትነሣ ስልኩን እጄ ላይ ጣል አደረገችው። «አባባ፣ ካሮቴ ትንሽ ነው የቀረው፤ ይጠብቁልኝ» አለች እየቀለደች።

ምሳ ቀረበ። ልጄ «አባባ፣ ና ብላ» አለኝ።

እዚሁ አምጡልኝ አልኩ።