በመዝገብ ያልተገኘሁባቸው ዓመታት

ከታች ጋይንቷ ከተማ ከአርብ ገበያ የወጣሁት ገና ሳይነጋ፣ የደብረ ታቦሩ አውቶቡስ ሞተሩን ሲያሞቅ ነው። አባቴ ቄስ ናቸው፤ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳርፈው «የክርስትና ስምህን በየቅዳሴው እጠራዋለሁ» አሉኝ። መምህር ነበርኩ፤ የምሄደው ደመወዜ ከቤት ኪራይ አላልፍ ብሎኝ ነው። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ግን ዘልዬ መውረድ አማረኝ።

መንገዱን ሁሉ አልዘረዝርላችሁም። ብራዚል ድረስ በአየር፣ ከዚያ በእግርና በጀልባ ነው። ጫካው ውስጥ አንድ ወንዝ ሞልቶ ስልኬን ወሰደው፤ አብሮኝ የነበረ የደሴ ሰው እኔንም የወሰደኝ መስሎት አገር ቤት ደውሎ አረዳቸው። ከአምስት ወር በኋላ አሜሪካ ገብቼ ስደውል እህቴ ጮኻ ስልኩን ጣለችው። ለካ አባቴ ራሳቸው ፍታቴን ፈትተው፣ አርባዬም ወጥቶ ኖሯል። እኔ ሳቅኩ፤ እነሱ አልሳቁም።

ያገኘሁት ሥራ የሞቱ ሰዎችን ቤት፣ ከመሸጡ በፊት፣ ማጽዳት ነው። እዚህ ሰው ሲሞት ድንኳን አይተከልም፣ ጎረቤት ንፍሮ ይዞ አይመጣም፤ ቤቱ ብቻውን ይቀራል። ቁልፉ በሩ ላይ በተንጠለጠለች ትንሽ ሣጥን ውስጥ ነው፤ የሣጥኗን ቁጥር አሠሪዬ በስልክ ይልክልኛል። ሰውዬውን በአራት ዓመት አንድም ቀን አላየሁትም፤ የማውቀው ድምፁን ብቻ ነው። ዝም ብሎ ሰው ቤት መግባት ነውር ስለሆነብኝ ግድግዳ ላይ ላሉት ፎቶዎች «እንደምን አደራችሁ» እላለሁ። ብርዱ የጉና ተራራን ያህል ነው፤ ጉና ላይ ግን ቢያንስ አብሮህ የሚንቀጠቀጥ ሰው አለ።

ታች ጋይንት መምህራን ሳለን ፔሮል ላይ በፈረምን ቁጥር የጡረታና የግብር ተቆራጩን እያየን እንራገም ነበር። ይህ ሰው ሳንቲም ሳይቆርጥ ሲከፍለኝ ታዲያ ቸር መሰለኝና «ጸልዩለት» ብዬ ለአባቴ ነገርኩ። ኢንዲፔንደንት ኮንትራክተር ነህ፣ ማለትም ተቀጣሪ ሳትሆን የራስህ አለቃ ነህ የሚል ወረቀትም ልኮልኝ ነበር። በደቃቁ የተጻፈውን ሳላነብ፣ ደስ ብሎኝ ፈረምኩ። ሞኝነቴን አሁን ሳስበው ያናድደኛል።

አንድ ቀን ጠዋት የአንድ ሽማግሌ ቤት ሳጸዳ ጠረጴዛው ላይ ሶሻል ሴኩሪቲ የሚሉትን የጡረታ መዝገብ ወረቀቱን አገኘሁ። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ የሠራው ሁሉ ዓመት በዓመት ተጽፏል፤ አንዲት ዓመት አልተዘለለችም። እዚያው ቆሜ የራሴን በስልኬ ከፈትኩ። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። በስሜ ካልተቆጠረ ሳረጅ የምጦርበት፣ ብታመም የምወድቅበት የለኝም። ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነው፤ ሟቹ አለ፣ እኔ የለሁም። ፍታቴ ትዝ አለኝ። አገር ቤት ያሉት ልክ ቢሆኑስ ብዬ ሄጄ መስተዋቱ ላይ ተነፈስኩ። መስተዋቱ እስኪደበዝዝ ድረስ የጠበቅኩት ጊዜ ረጅም ነበር።

በሳምንቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በነፃ የግብር ቅጽ የምትሞላ አንዲት ሴትዮ ዘንድ ሄድኩ።

«አሠሪህ ማን ነው?» አለችኝ።

«አይቼው አላውቅም።»

«የምትገባበትን ሰዓት ማን ይወስናል?»

«እሱ። በየሰዓቱም ፎቶ አንስተህ ላክ ይለኛል።»

«ቫኪዩሙ፣ ሳሙናው የማን ነው?»

«የሱ።»

«ያንተስ ምንድን ነው?»

«ወገቤ።»

መነጽሯን አውልቃ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ቆጣ አለች። «አንተ ተቀጣሪ ነህ፤ ሰውዬው ያንተን ሳይቆርጥ፣ የራሱንም ሳይከፍል ኖሯል። አንተም ግብርህን አላሳወቅክም» አለችኝ። ሁለት ዓይነት ወረቀት ሞላችልኝ። አንዱ ተቀጣሪ መሆኔ እንዲወሰንልኝ የግብር መሥሪያ ቤቱን የሚጠይቅ ነው። በሌላው ያልተቆረጠውን የሶሻል ሴኩሪቲ ድርሻዬን አሳውቄ እከፍላለሁ፤ የሠራሁትም በስሜ ይገባል። «የመጀመሪያው ዓመት ግን የማስመዝገቢያ ጊዜው ሳያልፍበት አይቀርም» አለች። ሥራዬን እንደማጣ እያወቅኩ ፈረምኩ።

ከወራት በኋላ የአሠሪዬ ድምፅ ደወለ። ለሱም ከግብር መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ደርሶታል።

«እኔ ዘንድ አንተ የሚባል ሰው ሠርቶ አያውቅም» አለኝ፤ አልተቆጣም፤ የአየር ሁኔታ የሚናገር ይመስል ነበር። በማግስቱ የሄድኩበት ቤት ሣጥን ቀድሞ በላከልኝ ቁጥር አልከፈትም አለኝ። ስልኩም ከዚያ ወዲያ አይነሳም። በሩ ላይ ቆሜ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየሁ፤ ፎቶዎቹ እንዳሉ ናቸው።

ያጠራቀምኩትን ለግብሩ ከፈልኩ። ክረምቱ ሲወጣ መዝገቤን ብከፍት ሦስቱ ዓመታት ተሞልተዋል። የመጀመሪያው ዜሮ እንደሆነ ቀርቷል፤ አባቴ የፈቱኝ ያን ዓመት ነው። ወዲያው ደወልኩላቸው።

«አባ፣ አሁን በቅዳሴ ስሜን ከማን ጋር ነው የሚጠሩት?»

ከበስተኋላቸው የአህያ ኮቴ ይሰማል፤ የገበያ ቀን ነው።

«ከሕያዋንም፣ ከሙታንም» አሉኝ።

«ሁለቱንም? ለምን አባ?»

«የፈታሁትን ምን ብዬ ልመልሰው ልጄ? ድምፅህን እንጂ አንተን አላየሁ። መነኩሴም ሲመነኩስ በቁሙ ይፈታል፤ አትፍራ። ና ብቻ፣ ዓይኔ ይይህና ከአንዱ አወጣሃለሁ።»

የጥገኝነት ጉዳዬ ስላልተወሰነ ከዚህ መውጣት እንደማልችል ያውቃሉ። ከየትኛው እንደሚያወጡኝ አልነገሩኝም፤ እኔም ለመጠየቅ ፈራሁ።